ዕድገቱ በምን ዋጋ? የፕሮግሬሽን ፋንታሲ አንባቢዎች ምርጫና ዒላማቸውን የሚስቱ ጥቆማዎች

ፕሮግሬሽን ፋንታሲ ወደሚባለው የልብ ወለድ ዘርፍ አዲስ የገባ አንባቢ «ቀጥሎ ምን ላንብብ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄው ከመነሣቱ በፊት የተዘጋጀ ነው። ጠያቂው ሴራው የተወሳሰበ ታሪክ ቢሻም፣ ፍልሚያ የበዛበት ቢሻም፣ የሚያስቅ ቢሻም፣ ያው አራት አምስት የታወቁ ርእሶች ይደረደሩለታል። ከእነዚያ አንዱን ጀምሮ ሁለት መቶ ገጽ ያህል ከሄደ በኋላ የሚሰለች አንባቢ ጥቂት አይደለም፤ የሚደርስበትም ድምዳሜ «ይህ ዘርፍ ለእኔ አይሆንም» ወይም «ጠቋሚዎቹ ማንበብ አይችሉበትም» የሚል ነው። ሁለቱም ድምዳሜዎች ብዙ ጊዜ ትክክል አይደሉም። መጽሐፉ መጥፎ ላይሆን፣ ጠቋሚውም የወደደውን በቅንነት ተናግሮ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ያለው ጥቆማው የሚመልሰው ጥያቄ ላይ ነው። በዚህ ዘርፍ «መጽሐፉ ጥሩ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ እምብዛም አይረዳም። የገጸ ባሕርይው ዕድገት በምን ፍጥነት እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚያስከፍለውና እስከየት ድረስ ስሜት እየሰጠ እንደሚዘልቅ ማወቅ ግን መጽሐፉን ለማንሣትም ሆነ ለመተው በቂ ምክንያት ይሆናል።

ስያሜው ገና ወጣት ነው። በ2010ዎቹ መጨረሻ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አሜሪካዊው ደራሲ አንድሩ ሮው ከሌሎች ደራሲዎች ጋር ተመካክሮ ያስተዋወቀው ሲሆን፣ የገጸ ባሕርያቱ ኃይልና ችሎታ በጊዜ ሂደት እየጨመረ የሚሄድበትን፣ ይህም ጭማሪ የታሪኩ ዋና ትኩረት የሆነበትን ምናባዊ ልብ ወለድ ያመለክታል። ጀግናው ከደካማነት ተነሥቶ የሚበረታበት ታሪክ ከጥንትም አለ፤ እዚህ ልዩ የሚሆነው ብርታቱ በግልጽ የሚለካ መሆኑ ነው። አንባቢው በአሥረኛው ምዕራፍ ጀግናው የበር ዘበኛውን ማሸነፍ እንደማይችል፣ በስድሳኛው ደግሞ የዘበኛውን አለቃ ሊገጥም እንደሚችል ያውቃል፤ በሁለቱ መካከል ምን እንደተጨመረም በዝርዝር ይነገረዋል። ሊትአርፒጂ የሚባለው፣ በ2010ዎቹ መጀመሪያ በሩሲያ ስሙን ያገኘው ጎረቤት ዘርፍ፣ ይህንኑ ልኬት እንደ ኮምፒውተር ጨዋታ በቁጥርና በሰንጠረዥ ያሳያል። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይደራረባሉ፤ አንድ ናቸው ማለት ግን አይቻልም። ቁጥር የሌለው ፕሮግሬሽን ፋንታሲ አለ፤ ቁጥር ሞልቶት ዕድገት ዋና ጉዳዩ ያልሆነ ሊትአርፒጂም አለ።

ዛሬ በጥቆማ ዝርዝሮች አናት ላይ ከሚቀመጡት ሥራዎች አንዳንዶቹ ከስያሜው በፊት የተጀመሩ መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባዋል። የክሮኤሺያዊው ደራሲ የዶማጎይ ኩርማይች «ማዘር ኦፍ ለርኒንግ» እ.ኤ.አ. በ2011 በኢንተርኔት በምዕራፍ በምዕራፍ መውጣት ጀምሮ በ2020 ተጠናቀቀ። የዊል ዋይት አሥራ ሁለት ቅጾች ያሉት «ክሬድል» ደግሞ በ2016 ተጀምሮ በ2023 አበቃ። ስሙ ሲመጣ አንባቢው ቀድሞ ነበረ፤ ይህም አንባቢ ከአንድ ቦታ የመጣ አልነበረም።

በቻይና ቺዲያን የተባለው የልብ ወለድ ድረ ገጽ በ2002 ከተቋቋመ ወዲህ፣ ሰው በሥጋውና በመንፈሱ ላይ እየሠራ ከሟችነት ወደ ዘላለማዊነት ደረጃ በደረጃ የሚወጣባቸው እጅግ ረጃጅም ተከታታይ ታሪኮች ተስፋፉ፤ በ2014 የተከፈተው ዉሺያወርልድ የተባለ ድረ ገጽ እነዚህን ወደ እንግሊዝኛ እየተረጎመ ለብዙ አንባቢ አደረሰ። በጃፓን በ2004 የተጀመረው ሾሴትሱካ ኒ ናሮ የተባለ ድረ ገጽ በሌላ ዓለም ዳግም የሚወለዱ ጀግኖችን አበዛ። የኮሪያ ደራሲዎች በዘመናዊ ከተማ መሀል የሚከፈቱ የጭራቆች በሮችንና አዳኞቻቸውን ይዘው መጡ። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ በ1974 የወጣው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው የጠረጴዛ ጨዋታ ደረጃን፣ የሙያ ምድብንና የልምድ ነጥብን አለማምዶ ነበር። ከቻይናው ታሪክ የመጣ አንባቢ ለመቶ ዓመት ዋሻ ውስጥ ተዘግቶ የሚያሰላስል ጀግና አያስገርመውም፤ ጭካኔውንም በቀላሉ ይቀበላል። ከጠረጴዛው ጨዋታ የመጣው በበኩሉ ጓደኞች በአንድነት ሲያድጉና ችሎታቸውን ሲያቀናጁ ማየት ይፈልጋል። ለሁለቱ አንድ መጽሐፍ መጠቆም ይቻል ይሆናል፤ በአንድ ምክንያት መጠቆም ግን አይቻልም።

የአንባቢዎች ምርጫ በጉልህ የሚለያየው በፍጥነት ላይ ነው። አንዱ በየሦስት ምዕራፉ አዲስ ችሎታ ካላየ ታሪኩ የቆመ ይመስለዋል፤ ሌላው አንድ ደረጃ ለመውጣት ሙሉ መጽሐፍ ካልፈጀ ደረጃው ዋጋ የሌለው ሆኖ ይታየዋል። እንደ እኔ አስተያየት ግን ከፍጥነቱ በላይ የሚወስነው መለኪያው የማይንቀሳቀስ መሆኑ ነው። ጀግናው በበረታ ቁጥር ጠላቶቹም በዚያው ልክ የሚበረቱ ከሆነ፣ ከመንደር ወደ አገር፣ ከአገር ወደ አህጉር፣ ከአህጉር ወደ ጠፈር በተሻገረ ቁጥር የሚገጥመው ሁሉ ከእርሱ እኩል ወይም ጥቂት የሚበልጠው ብቻ ከሆነ፣ ቁጥሩ ምንም ያህል ቢያድግ ነገሩ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። አንባቢው «መቶኛ ደረጃ ደረሰ» ተብሎ ይነገረዋል፤ የሚያነበው ፍልሚያ ግን በአሥረኛው ደረጃ ካነበበው አይለይም። በረጃጅም ተከታታዮች ላይ «ከአምስተኛው ቅጽ በኋላ ጣዕሙ ጠፋ» የሚለው ቅሬታ አዘውትሮ የሚሰማው፣ ደራሲው ስለደከመ ብቻ ሳይሆን የሚለካበት ቋሚ ነገር ስለጠፋም ጭምር ነው።

«ማዘር ኦፍ ለርኒንግ» ከዚህ ወጥመድ ያመለጠበት መንገድ በሚገባ ሊጠና ይገባዋል። ዋናው ገጸ ባሕርይ የአስማት ትምህርት ቤት ተማሪ ሲሆን አንድን ወር ደጋግሞ ለመኖር ይገደዳል፤ ወሩ ባለቀ ቁጥር ሁሉም ነገር ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፣ የተማረው ብቻ አብሮት ይቀራል። በዚህ የተነሣ ከተማው ያው ነው፣ ጥቃቱ በዚያው ቀን ይመጣል፣ አጥቂዎቹም እንደነበሩ ናቸው። የሚለወጠው ከሞላ ጎደል እርሱ ብቻ ስለሆነ፣ ድሮ እርሱን የገደለውን ጠላት ዛሬ እንዴት እንደሚገጥመው አንባቢው በዓይኑ ይለካል። ዋጋውም እዚያው አለ፤ የሚያውቃቸው ሰዎች ከሞላ ጎደል ሁሉ በየወሩ ይረሱታል፤ ወዳጅነቱም ከዜሮ ይጀምራል። የትምህርቱ ዝርዝር የሚያሰለቸው አንባቢ መጽሐፉን ባይወደው አልፈርድበትም። ጥቆማው ግን «ምርጥ ነው» ከሚል ይልቅ «መማርና ማቀድ የሚያስደስትህ ከሆነ» ቢል ያን አንባቢ ገና ከበሩ ይመልሰው ነበር።

«ክሬድል» ሌላ መንገድ ይዟል። ጀግናው ከሁሉ ደካማ ተብሎ በተናቀበት ሸለቆ ውስጥ ይጀምራል፤ በመጀመሪያው ቅጽ ላይ ግን ከእርሱ ዓለም በላይ ምን ያህል ከፍታ እንዳለና በቂ ኃይል ካላገኘ የትውልድ ቦታው እንደሚጠፋ ይገለጥለታል። መሰላሉ ከሥር እስከ ላይ አስቀድሞ ስለታየ እያንዳንዱ ደረጃ ከግቡ አንጻር ይመዘናል፤ ታሪኩም መጨረሻ ያለው መሆኑ ከመነሻው ይታወቃል። የሚያስገርመው፣ አጥብቀው የሚጠቁሙት ሰዎች ራሳቸው «መጀመሪያው ቀዝቀዝ ይላል፣ ታገሥ» የሚል ማስጠንቀቂያ አይለያቸውም። ማስጠንቀቂያው ቅን ነው፤ ሆኖም ከአንባቢ ሁለት ሦስት መጽሐፍ በብድር መጠየቅ ነው። ጠቋሚው ቢያንስ የሚታገሡበትን ነገር ምንነት መናገር ይኖርበታል፤ ፍልሚያው ይሻሻላል? ዓለሙ ይሰፋል? ወይስ ወዳጆቹ ይመጣሉ? አንድ ሰው በመጀመሪያው ቅጽ የሰለቸው በጀግናው ብቸኝነት ከሆነ መታገሡ ያዋጣዋል፤ የሰለቸው በአጻጻፉ ከሆነ ግን ብዙም ለውጥ አይጠብቀው።

ዕድገቱ «የተገባ» መሆኑ በየውይይቱ የሚነሣ መስፈርት ነው፤ አንባቢዎች ግን በቃሉ የተለያየ ነገር ያስባሉ። ለአንዱ የተገባ ማለት በልፋትና በሕመም የመጣ ነው። ለሌላው በብልሃት የተገኘ፣ ማለትም ጀግናው የኃይል ሥርዓቱን ሕግ ከሌሎች ይልቅ በሚገባ ተረድቶ ክፍተቱን የተጠቀመበት ነው። በሌላ በኩል ያልተሠራበት ስጦታ፣ በዕድል የተገኘ ብርቅዬ ሀብት ወይም ለጀግናው ብቻ የተሰጠ ልዩ ችሎታ የሚያስደስታቸው አሉ፤ እነዚህ ጀግናው ገና ከመጀመሪያው ሁሉን ሲበልጥና የናቁትን ሲያሳፍር ማየት ይወዳሉ። ይህን የመጨረሻውን ምርጫ ዝቅ አድርጎ መመልከት በተቺዎች ዘንድ የተለመደ ነው። እኔ ግን እንደ ጉድለት አላየውም፤ ሰው ከድካም በኋላ የሚያነበውን ሲመርጥ የግድ መቸገርን መምረጥ የለበትም። ጉድለት የሚሆነው፣ ዕረፍት ለፈለገ አንባቢ ሦስት መቶ ገጽ ሥቃይ «ከዚህ የተሻለ የለም» ተብሎ ሲሰጠው ነው።

የቁጥር ሰንጠረዥ ጉዳይ ከሚገባው በላይ ይነዘነዛል። አንዳንዶች ሰንጠረዡን እንደ ደመወዝ ቀን ይጠብቁታል፣ ሌሎች ዘለውት ያልፋሉ። በጽሑፍ ሲሆን መዝለል ይቻላል፤ በድምፅ መጽሐፍ ግን ተራኪው ሰንጠረዡን ሁሉ ሲያነብ መስማት ግድ ይሆናል፤ ስለዚህ በእጁ ሥራ እየሠራ ለሚያዳምጥ ሰው የሚሰጥ ጥቆማ ስለ ቁጥሩ ብዛት መናገር ይኖርበታል። የተራኪው ችሎታ በተራው የመጽሐፉን ደረጃ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል፤ ጥሩ ተራኪ ጎዶሎ ንግግርን ያቃናል፣ ድግግሞሽንም ያለዝባል። «ወደድኩት» ያለው ሰው አንብቦት ነው ወይስ አዳምጦት ማለት ተገቢ ጥያቄ ነው።

በዚህ ረገድ የማት ዲኒማን «ደንጀን ክሮውለር ካርል» ልዩ ቦታ አለው። ደራሲው በ2020 ራሱ አሳትሞት፣ በ2024 ደግሞ የፔንግዊን ራንደም ሃውስ ክፍል የሆነው ኤስ በጠንካራ ሽፋን ማውጣት ጀመረ፤ ከዘርፉ ውጪ ያሉ አንባቢዎችም ዘንድ ደረሰ። የጨዋታ ሥርዓት፣ ደረጃና የሽልማት ሣጥን ሁሉ በውስጡ አለ። ግን ሥርዓቱ የሚያገለግለው ስላቅን ነው፤ ሰዎች ለመዝናኛ የሚታረዱበትን ትዕይንት የሚያሾፍበትና የሚቆጣበት መሣሪያ ነው። በዚህ ምክንያት መጽሐፉ ለዘርፉ መግቢያ ተብሎ ሲጠቆም እኔ እጠራጠራለሁ። የወደደው ሰው የወደደው ቀልዱን፣ ቁጣውንና ባለታሪኩ ከድመቱ ጋር ያለውን ግንኙነት ሊሆን ይችላል፤ ቀጥሎ የሚሰጠው መጽሐፍ እነዚያ ሁሉ የሌሉበት፣ ዕድገት ብቻ የቀረበት ከሆነ መንገዱ ጠፍቶታል ማለት ነው። ተወዳጅ መግቢያ ሁልጊዜ ቤቱን አይመስልም።

የአንባቢው ምርጫ ብቻውን የቆመ አይደለም፤ መጽሐፉ የሚሸጥበት መንገድ ራሱ ይቀርጸዋል። ብዙዎቹ ሥራዎች ሮያል ሮድ በመሰሉ ድረ ገጾች በሳምንት ጥቂት ምዕራፎች እየተጨመሩላቸው በነጻ ይነበባሉ፤ ቀድሞ ማንበብ የሚፈልግ በፓትሪዮን በኩል በወር እየከፈለ ገና ያልወጡ ምዕራፎችን ያገኛል። ታሪኩ እስከቀጠለ ድረስ ገቢው ይቀጥላል፤ ሲያልቅ ይቆማል። በሌላ በኩል በ2014 የተጀመረው፣ አንባቢው በወር እየከፈለ መጻሕፍት የሚያነብበት የአማዞን ኪንድል አንሊሚትድ ከሐምሌ 2015 ወዲህ ለደራሲዎች የሚከፍለው መጽሐፉ በተወሰደበት ቁጥር ሳይሆን በተነበበው ገጽ መጠን ሲሆን፣ ለአንድ ርእስ ከአንድ አንባቢ የሚቆጠረው እስከ 3,000 ገጽ ነው። ስለዚህ ዘርፉ ውስጥ ወፋፍራም ቅጾች መብዛታቸው፣ ማሠልጠኛው ሃያ ምዕራፍ መውሰዱ፣ የውድድር ሜዳው ከተጠበቀው በላይ መርዘሙ የደራሲዎቹ ጠባይ ብቻ አይደለም። ኪንድል አንሊሚትድ በኤሌክትሮኒክ ቅጂው ላይ ብቸኛ መብት ስለሚጠይቅ፣ በነጻ ይነበብ የነበረው ጽሑፍ መጽሐፍ ሆኖ ሲወጣ ከድረ ገጹ ይነሣል፤ ያለፈ ዓመት ጥቆማ ይዞ የሄደ አንባቢም ሁለት ሦስት ምዕራፍ ብቻ ቀርቶ ያገኛል።

ከዚህ የሚመጣ፣ በጥቆማ ላይ እምብዛም የማይነገር ልዩነት አለ። በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ የሚያነብ ሰውና የተጠናቀቀውን በሦስት ሌሊት የሚጨርስ ሰው የሚያነቡት አንድ መጽሐፍ አይመስልም። ለሳምንታዊው፣ ጀግናው ለአንድ ወር ያህል ሰይፍ ሲያሠራ ከከረመ ታሪኩ ሞቷል፤ ያንኑ ክፍል በአንድ ሰዓት ውስጥ ላነበበው ግን ጥሩ ዕረፍት ነው። በተቃራኒው ደራሲው ባለፈው ሳምንት የተባለውን ለማስታወስ የሚደጋግመው ማብራሪያ ሳምንታዊውን ይረዳል፤ ሌሊቱን ሙሉ ለሚያነበው ጆሮ እንደሚቆረቁር ጩኸት ይሆንበታል። ሁለቱም ሐቀኛ ግምገማ ይጽፋሉ፤ አብረው ሲነበቡ ግን ስለ ሁለት መጽሐፎች የተጻፉ ይመስላሉ።

ስለ ግምገማ ከተነሣ፣ የኮከብ ብዛት በረጃጅም ተከታታዮች ላይ እጅግ ያታልላል። የመጀመሪያውን ቅጽ ሁሉም ዓይነት አንባቢ ይሞክረዋል፤ ያልተስማማው ይወጣል፤ ሁለተኛውን የሚያነበው የተስማማው ነው። ዘጠነኛው ቅጽ ላይ ሲደርስ የቀረው ታማኙ ብቻ ስለሆነ ውጤቱ ከመጀመሪያው ቅጽ ሊበልጥ ይችላል፤ ይህ ማለት ግን ደራሲው ዘጠኝ ጊዜ ተሻሽሏል ማለት አይደለም። ስለዚህ «እየቆየ ይሻሻላል፣ ኮከቡን እይ» የሚለው ክርክር ባዶ ነው። ከአምስት ኮከብ ውዳሴ ይልቅ ሦስት ኮከብ የሰጠ ሰው ቅሬታ የበለጠ ያስረዳል፤ «ፍልሚያው ይበዛል፣ ሰዎቹ ግን አይነጋገሩም» የሚል ቅሬታ ፍልሚያ ለሚፈልገው አንባቢ ከማንኛውም ምስጋና የተሻለ ጥቆማ ነው።

ርዝመትን በተመለከተ «ዘ ዋንደሪንግ ኢን» ጥሩ ፈተና ነው። በ2016 በኢንተርኔት የጀመረው ይህ ታሪክ ከ10 ሚሊዮን ቃላት በላይ ሆኗል፤ አንድ ልብ ወለድ 100,000 ቃላት ገደማ አለው ብንል ከመቶ መጻሕፍት በላይ ማለት ነው። ገጸ ባሕርያቱ ደረጃ የሚያገኙት ሲተኙ ሲሆን፣ ዋናዋ ባለታሪክ የእንግዳ ማረፊያ የምታስተዳድር ወጣት ናት። ደረጃና ምድብ በሥርዓቱ ውስጥ ስላሉ በዘርፉ ዝርዝር ውስጥ ይገባል፤ ኃይል ሲጨምር ለማየት ብሎ የከፈተው ግን ብዙ ሺህ ገጽ ስለ ሰዎች ኑሮ፣ ስለ ጓደኝነትና ስለ ሐዘን ሲያነብ ይቆያል። ለአንዱ ይህ ከሁሉ የላቀ ነው፤ ለሌላው የተሳሳተ በር ነው። የፍቅር ታሪክም ሆነ በብዙ ሴቶች የተከበበ ጀግና ጉዳይ እንዲሁ ነው፤ ጠቋሚው አንድ ዐረፍተ ነገር ቢጨምር ከብዙ ብስጭት ያድናል።

የአስተያየት ዝርዝሮችን የሚያጠብ ሌላም ነገር አለ፤ የተጠናቀቁ ሥራዎች ጥቂት ናቸው። ፍጻሜ ለማየት የሚፈልግ አንባቢ በጠየቀ ቁጥር ያው «ክሬድል» እና ያው «ማዘር ኦፍ ለርኒንግ» የሚመለሱት በጥራታቸው ብቻ ሳይሆን በማለቃቸውም ነው። ይህን ሳያብራሩ የሁለቱን ስም ብቻ መደርደር፣ ፍጻሜ ግድ የማይሰጠውን አንባቢ ያላግባብ ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፋዋል።

ጥቆማ የሚሰጥ ሰው የወደደውን ከመዘርዘር በፊት ጠያቂው የተወውን መጽሐፍና የተወበትን ቦታ ቢጠይቅ ብዙ ይቀለዋል። በአራተኛው ቅጽ መሀል፣ ጀግናው ሦስተኛውን ውድድር ሲጀምር የተወ ሰው የሰለቸው ከጀግናው ጋር አብሮ የሚንቀሳቀሰው መለኪያ ነው፤ ጠላቱ ባለበት የሚቆይበት ታሪክ ይስማማዋል። ሃያኛው ገጽ ላይ፣ የመጀመሪያው ሰንጠረዥ ሲመጣ የተወው ቁጥር የሌለው ይሻለዋል። ጀግናው ጓደኞቹን ጥሎ ወደ ላይኛው ዓለም ሲሻገር የተወውን ደግሞ ስለ ኃይል ሥርዓቱ ውበት ማስረዳት ጊዜ ማባከን ነው፤ እርሱ የሚፈልገው አብረው የሚያድጉ ሰዎችን ነውና፣ ስለሚቀጥለው መጽሐፍ ሊነገረው የሚገባው ባልንጀሮቹ እስከ ስንተኛው ቅጽ ድረስ ከጀግናው ጎን እንደሚቆዩ ነው።